የኒካሲያ ዊልካ ፊርማ

ኒካሲያ ዊልካ ስሟን መጻፍ የተማረችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሰበቡ ባሏ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ሳያይ ሞተ።

ሲክስቶ በአውራጃው ሆስፒታል ሲያርፍ አስከሬኑን ለመረከብ ወረቀት መፈረም ነበረባት። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ መታወቂያዋን ተቀበለቻት። ከፎቶግራፉ ሥር «መፈረም አትችልም» የሚል ታትሞበታል። ጸሐፊዋ እሱን አነበበችና ቀና ብላ ፊቷን እንኳ ሳታይ አውራ ጣቷን ያዘች፤ ቀለም አስነካችው፤ የመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደሚመታ ወረቀቱ ላይ መታችው። «የሚቀጥለው!» አለች። ኒካሲያ ያን ቀን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው በሦስተኛው ቀን፣ ሲክስቶን ቀብራ ተመልሳ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በአመድ ስታሽ ነው።

በዚያው ዓመት የፓልካፓታ መንደር መምህር አብዶን፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። አምስት ሴቶች ተመዘገቡ። የድንች መዝሪያው ወር ሲደርስ አራቱ ቀሩ፤ ኒካሲያ ብቻ ቀጠለች።

«አንቺ፣ እውነት ፊደሉን ነው ወይስ አስተማሪውን የወደድሽው?» ይሏት ነበር ሴቶቹ ምንጭ ላይ ሲያገኟት።

«ፊደሉን ነው። አስተማሪውማ ጥርስ የለው፣ ምኑን ልውደደው?»

በእርሻው ዳር በእንጨት አፈር ላይ ጻፈች። በከሰል ግድግዳ ላይ ጻፈች። ገበያ ስትወርድ የአውቶቡሱ መስኮት ጉም ሲለብስ በጣቷ ጻፈችበት። በስፓኒሽኛ ፊደል ሲጻፍ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ሁለት ምሰሶና በመካከላቸው የተጋደመ ቁልቁለት ስለሆነ ቶሎ ወደደችው። ዊልካ የሚለው ግን በስፓኒሽኛ ሲጻፍ ከፊቱ የማይጠራ ፊደል አለው፤ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። እሱ አናደዳት።

«ካልተነበበ ለምን እደክምበታለሁ?» አለችው መምህሩን።

«አንቺ ባታነቢውም ከተማ ያሉት ይቆጥሩታል» አላት አብዶን። «ከጎደለ ‹ይቺ ሌላ ሰው ናት› ይሉሻል።»

ይህን ሁሉ ለልጇ ለሮሙሎ አልነገረችውም። ሮሙሎ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ ሊማ ወርዶ ሶፋ ማልበስ ተምሮ፣ እዚያው አግብቶ እዚያው ቀርቷል። እሑድ ማታ ማታ ይደውልላታል። «የት ዋልሽ ማማ?» ሲላት ከክፍል እንደወጣች «ከበጎቹ ጋ» ትለዋለች። በዓይኑ እንዲያይ ነበር የፈለገችው። መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ወረቀት አውጥታ፣ ምንም ሳትናገር ስሟን ልትጽፍለት ነበር ሐሳቧ። እሱ ግን «ለመጪው መኸር እመጣለሁ» እያለ ስድስት መኸር አለፈ።

የምርጫው ሁለተኛ ዙር ሰኔ ላይ ደረሰ። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ምልክቱ ማረሻ፣ የሌላው መልሕቅ ነበር። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ «ማረሻው» እና «መልሕቁ» ነበር የሚባሉት። ተራራው በሙሉ የማረሻ ነበር። የባሕሩ ዳር ከተሞች፣ ከሁሉም በላይ ሊማ፣ የመልሕቅ ነበሩ። ተራራው ከተማውን «እኛን ሰው ብለው አይቆጥሩንም» ይላል፤ ከተማው ተራራውን «ሊነጥቁን እየመጡ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚፈራሩት ሳይተያዩ ነበር።

በፓልካፓታ ድምፅ የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ ነው። የምርጫ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች መቀመጥ አለባቸው። ሁለቱ፣ ዴሜትሪዮ ዊልካና ኤልቫ ዊልካ፣ በሰዓቱ ተገኙ፤ በፓልካፓታ ሳይዛመድም ዊልካ የሚባለው ብዙ ነው። ሦስተኛው ማዕድን ማውጫ ሊሠራ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ከከተማ የመጣው የምርጫ ሹም ወደ ሰልፉ ዞሮ «ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ይምጣልኝ» አለ።

ወንዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሥራው ይስተጓጎላል፤ ሁሉም ያንን አስቧል።

«እኔ እችላለሁ» አለች ኒካሲያ።

ድምፅዋ ከራሷ አፍ ሲወጣ ደነገጠች። ከኋላዋ አንዷ «ሂጂ እንጂ!» ብላ ገፋ አደረገቻት፤ ሄዳ ተቀመጠች። ያን ቀን የሰዉን ስም ከመዝገብ ስትፈልግ ዋለች። ማታ ሲቆጠር ማረሻው መቶ ዘጠና ስምንት፣ መልሕቁ ባዶ፣ የተበላሸ ስድስት ሆነ። ሦስቱ መፈረም ነበረባቸው፤ አምስት ቅጂ። ኤልቫና ዴሜትሪዮ ሞነጫጭረው ጨረሱ። ኒካሲያ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሌሎቹ ሾርባቸውን ጠጥተው ሳህኑን አጥበውት ነበር። የማይነበበውን ፊደል አንዱም ላይ አልረሳችውም።

ማረሻው በአገሩ ሁሉ ያሸነፈው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው። ለዚህ ነው ከሳምንት በኋላ ነገሩ የተነሣው።

ኒካሲያ ከመንደሩ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነበረች። በሰኔ ውርጭ ድንች እንዲደርቅ ሜዳ ላይ ይሰጣል፤ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ውኃው እንዲወጣ በባዶ እግር ይረገጣል። ድንቹን እየረገጠች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሮሙሎ ነበር፤ እሑድ አልነበረም።

«ማማ፣ ስምሽ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ።»

«የኔ ስም? ምን ብሎ?»

«የመልሕቁ ጠበቆች የተራራ ጠረጴዛዎች ይሰረዙ እያሉ ነው። ያንቺን ጠርተው ‹ሦስቱም ዊልካ ናቸው፣ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ድምፅ ሰረቀ› አሉ። ደግሞ መታወቂያሽን አሳዩት። ‹መፈረም የማትችል ሴት እንዴት ፈረመች?› አሉ።»

«እሺ።»

«እውነቱን ንገሪኝ ማማ፤ አልቆጣም። ማን ነው የፈረመልሽ?»

የኒካሲያ እግር በድንቹ መሐል ቆመ። ብርዱ እስከ ጉልበቷ ወጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ማማ፣ አንቺ እኮ መጻፍ አትችዪም።»

ስልኩን ዘጋችው። በልጇ ላይ ስልክ ስትዘጋ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ተመልሳ ድንቿን ረገጠች፤ ግን ያን ቀን የረገጠችው ድንች ግማሹ ፈረጠ።

ጉዳዩን ሊማ ያሉት የምርጫ ዳኞች ሊያዩት ሆነ። ማረሻውን ያግዝ የነበረ አንድ ጠበቃ «የምትችሉ ራሳችሁ ቀርባችሁ መስክሩ» ብሎ ላከ። መንደሩ ተሰበሰበ። ዴሜትሪዮ «እኔም ኤልቫም ብንሄድ ትርጉም የለውም፤ የሚጠረጥሩት ያንቺን ፊርማ ነው» አላት። መምህር አብዶን ደብተሮቿን ጠቅልሎ አመጣ፤ የስድስት ዓመት የእሑድ ደብተር። ሴቶቹ የደረቀ ድንች፣ አይብና የበቆሎ ቆሎ ቋጠሩላት። ደብተሮቹም ድንቹም በአንድ የሱፍ ጨርቅ ታስረው ጀርባዋ ላይ ወጡ።

አውቶቡሱ ቀንና ሌሊት ሄዶ ሊማ ሲደርስ ሰማዩ የአሮጌ ድስት ክዳን ይመስል ነበር። ሮሙሎ መናኸሪያው ላይ ጠበቃት። ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል። አቀፋት፤ ሸክሟን ተቀበላት፤ ስለ ፊርማው ግን ትንፍሽ አላለም። እሷም አላነሣችበትም።

የሚኖረው በሚስቱ በሊዮኖር እናት ቤት ነው። ምድር ቤቱ የሶፋ መሥሪያው፣ ፎቁ መኖሪያው ነው። ፎቁ መስኮት ላይ ትልቅ ባለ መልሕቅ ባንዲራ ተንጠልጥሏል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ጠዋት ጠዋት ሊፕስቲኳን ሳትቀባ ከክፍሏ የማትወጣ ሴት ናት። ኒካሲያን ደረጃው ላይ ተቀበለቻት።

«እንኳን ደህና መጡ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ይቻሉት።»

«እኔም ትንሽ ነኝ፤ ብዙ ቦታ አልይዝም» አለች ኒካሲያ። ስፓኒሽኛዋ በልጅነቷ ከተማ ሰው ቤት ስታገለግል የለቀመችው ነው፤ ጫፍ ጫፉ የተሰባበረ ቢሆንም ይሄድላታል።

እራት ላይ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ወሬ ይዞ መጣ። «የዊልካ ቤተሰብ» ሲል ሊዮኖር ተነሥታ ልታጠፋው ሞከረች።

«ለምን ታጠፊዋለሽ?» አለች ኦርቴንሲያ። «እንግዳችን እኮ ታዋቂ ሰው ናቸው።»

«ዝናው ቀርቶብኝ ድንቼ በደረቀልኝ» አለች ኒካሲያ።

ሮሙሎ ከሳህኑ ቀና አላለም።

ኦርቴንሲያ ሹካዋን አስቀመጠች። «እስቲ ይንገሩኝ፤ መቶ ዘጠና ስምንት ለባዶ! አንድ ሰው እንኳ? እኛ አራት ሆነን እዚህ ጠረጴዛ ላይ በጨው መጠን አንስማማም።»

«የመልሕቁ ሰዎች መንደራችን ድረስ መጥተው አያውቁም።»

«ማረሻው መጥቷል?»

«አልመጣም። ግን መንገድ እንደሌለን ያውቃል። እነዚያ ግን መንገድ ያለን ይመስላቸዋል።»

«ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነው!» የኦርቴንሲያ ድምፅ ድንገት ከፍ አለ። «መንገድ፣ መንገድ! ባሌን የገደለው ፈንጂ በየትኛው መንገድ መጣ? ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው የቀረው። ያን ያደረጉት ከተራራ የወረዱ አማፅያን ናቸው። አሁን ደግሞ በድምፅ መስጫ ካርድ መጣችሁ።»

«እማዬ፣ በቃ» አለች ሊዮኖር።

ኒካሲያ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች። «እነዚያው ሰዎች መንደራችን ገቡ። ላም ስጡን አሉ። አባቴ አልሰጥም አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ እናቴ ፊት ገደሉት። በወሩ ደግሞ ወታደሮች መጡ። ወንድሜን ‹አንተም ከነሱ ነህ› ብለው ወሰዱት። የገደሉት አባቱን እኮ ነው! ይኸው እስከ ዛሬ አጥንቱን አላገኘንም።»

ሮሙሎ ታሪኩን ያውቀዋል፤ እናቱ በዚህ ቤት ስታወራው ግን ሰምቶ አያውቅም። ኦርቴንሲያ ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ተቆጥታ የሄደች መስሏቸው ሳለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ተመለሰችና ኒካሲያ ወንበር ላይ አኖረችው።

«የሚተኙበት ሶፋ ጋ ንፋስ ይገባል» ብላ ተመልሳ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ኦርቴንሲያ ወደ ኩሽና ስትገባ ኒካሲያን ጠረጴዛው ጋ አገኘቻት። ደብተሯን ከፍታ፣ ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ እየጻፈች ነው። ኦርቴንሲያ ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዋ ቆመች። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ እንደ ድንጋይ አጥር የተደገፈ። ኒካሲያ ኦርቴንሲያን ስታይ ልትዘጋው ቸኮለች።

«አይዝጉት» አለች ኦርቴንሲያ። «ያን ፊደል ለምን ሁለት ጊዜ ደገሙት?»

«አንደኛው ጠማማ ነበር።»

ኦርቴንሲያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እንደ ጸሐፊ ነበር የምታየው፤ ቀኑን፣ የመምህሩን እርማት፣ ከዓመት ዓመት የእጁን መሻሻል። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኒካሲያ እጅ ወሰደችና ባዶ ቦታ ላይ የራሷን ፊርማ ልትፈርም ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። መስመሩ ተሰባብሮ፣ ተጣሞ፣ ከገጹ ጫፍ ወረደ።

«አዩት? ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «የትምህርት ቤቱን መዝገብ ሁሉ የፈረመ እጅ ነው። ቤቱን ለልጄ ላወርሳት ውልና ማስረጃ ብሄድ ‹ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም› አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ! ‹እኔ ነኝ› ብል ማን ይስማኝ? ወረቀቱን ነው እንጂ እኔን አያዩኝም።»

ኒካሲያ የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። እጆቿ ሻካራ ነበሩ፤ ግን ሙቀት ነበራቸው።

«መምህራችን ቀስ አድርጊው ይለኛል» አለች። «የቸኮለ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው ይላል።»

«የኔስ አርጅቶ ነው» አለች ኦርቴንሲያ፤ እጇን ግን አላነሣችም።

ሮሙሎ ከታች ሲወጣ እንዲሁ እንደተያያዙ አገኛቸው። ያን ቀን የሚያስረክበው ሶፋ ነበረበት፤ በዚያ ላይ ፍርሃቱ ከፊቱ ይነበባል። «ማማ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆን...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ሥራህን ሥራ። እኔ እወስዳታለሁ» አለች ኦርቴንሲያ።

«እርስዎ?»

«ምርጫዬን አልቀየርኩም፤ እንዳትሳሳት። ግን ይቺ ሴት ትጽፋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

የዳኞቹ ሕንጻ ፊት ለፊት ሁለት ሰልፍ ነበር፤ በወዲያ ማረሻ፣ በወዲህ መልሕቅ፣ በመሐል ፖሊስ። ሁለቱ ሴቶች ማለፍ የሚችሉት በመልሕቁ በኩል ብቻ ነበር። አንዲት የሰፈር ጎረቤት ባንዲራ ለብሳ ኦርቴንሲያን አየቻት።

«ኦርቴንሲያ! በመጨረሻ መጣሽ! ይቺ ማናት?» የኒካሲያን ሰፊ ቀሚስና ጀርባዋ ላይ ያለውን ጥቅልል ከላይ እስከ ታች አየችው። «ከሌቦቹ አንዷ እንዳትሆን።»

«የልጄ አማት ናት» አለች ኦርቴንሲያ። «ዞር በይልኝ፤ ሰዓት አልፎብናል።»

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። የመሐሏ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። የመልሕቁ ጠበቃ ሽቶው ቀድሞት የሚመጣ ወጣት ነው።

«የተከበሩ ዳኛ፣» አለ፣ «መታወቂያው ላይ መፈረም እንደማትችል በግልጽ ተጽፏል። የቆጠራው ወረቀት ላይ ደግሞ ፊርማ አለ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?»

ዳኛዋ ወደ ኒካሲያ ዞረች። «እናቴ፣ ይህ መታወቂያ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«መፈረም አይችሉም ይላል።»

«ያኔ አልችልም ነበር።»

«መቼ ቻሉ ታዲያ?» አለ ጠበቃው።

«በሃምሳ አንድ ዓመቴ።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። «በሃምሳ አንድ ዓመቱ መጻፍ የጀመረ ሰው!»

«አንተስ ልጄ፣» አለችው ኒካሲያ፣ «ከእናትህ ሆድ እየፈረምክ ነው የወጣኸው?»

አዳራሹ ሳቀ። ከዳኞቹ አንዱ እንኳ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ጠበቃው ግን አልሳቀም። «እንግዲያው እዚሁ ትፈርም» አለ።

ወረቀት ሰጧት። ጠረጴዛው እንደ በረዶ የሚያንሸራትት መስተዋት ነበር። ኒካሲያ ጎንበስ ብላ ጀመረች። የመጀመሪያው ምሰሶ ቆመ፤ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ወረቀቱ ሸሻት፤ መስመሩ ተጣመመ። ያቺ የሆስፒታሉ መስኮት፣ ያ ቀለም፣ ያ «የሚቀጥለው!» የሚለው ድምፅ ተመለሰባት።

«ይኸው!» አለ ጠበቃው።

«ጊዜ ስጧት እንጂ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ተሰማ። ኦርቴንሲያ ቆማ ነበር።

«እርስዎ ደግሞ ማነዎት?» አለች ዳኛዋ።

«የመልሕቅ መራጭ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«አዎ፣ ነኝ! ዛሬም ነኝ!» ኦርቴንሲያ ቀጠለች። «ግን ዛሬ ጠዋት ኩሽናዬ ውስጥ ስትጽፍ አይቻታለሁ። የተሸነፍነው በቁጥር ከሆነ በቁጥር እንሸነፍ። ሴትዮዋን ግን ውሸታም አትበሏት።»

ዳኛዋ ጸጥታ ካስከበረች በኋላ ሌላ ወረቀት አቀበለቻት። ኒካሲያ «ጠረጴዛው አይመቸኝም፤ እኛ ጉልበታችን ላይ ነው የተማርነው» አለች። ጥቅልሏን ፈታች። ደብተሮቹ አይብ አይብ እየሸተቱ ወጡ፤ ጥቂት የበቆሎ ቆሎም ወለሉ ላይ ተበተነ። አንዱን ደብተር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወረቀቱን ከላዩ አስቀምጣ፣ በቀስታ፣ ማንም እንዳልያዛት ሆና ጻፈች። የማይነበበው ፊደል ላይ ስትደርስ ጠንከር አድርጋ ጫነችው።

ዳኞቹ ወረቀቱን ከቆጠራው ወረቀት ጋር አስተያዩት። መነጽር ያደረገችው ደብተሩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ገለጠችው።

«ይሄ የመጀመሪያው ገጽ፣» አለች፣ «ቀኑ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው።»

«ባሌ የሞተ ዓመት ነው» አለች ኒካሲያ።

የፓልካፓታ ድምፅ ጸደቀ። በሚቀጥሉት ሳምንታት የሌሎቹም መንደሮች አቤቱታ አንድ በአንድ ወደቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሮሙሎ ሶፋውን ገና አላስረከበም ነበር። ሥራው ከእጁ እየወደቀ አስቸግሮት ነው የዋለው። ኦርቴንሲያ በአዳራሹ የሆነውን ከነሳቁ ነገረችውና እናትና ልጁን ትታ ወደ ፎቅ ወጣች።

«ለምን አልነገርሽኝም ማማ?»

«ብነግርህ ‹ጎበዝ ማማ› ትለኛለህ፤ እዚያው ላይ ያበቃል። እንድታይ ነበር የፈለግሁት።»

«እኔ አልመጣሁም።»

«አልመጣህም።»

ሮሙሎ ያልለበሰው የሶፋ እንጨት ላይ ተቀመጠ። እጁ ውስጥ የነበሩትን ምስማሮች አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው ጣላቸው። «የፈረመልሽ ማን ነው ስልሽ... እኔም እንደነሱ ነው ያሰብኩት» አለ። ኒካሲያ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የሳሳውን ፀጉሩን ዳበሰችው፤ በተራራው ቋንቋ በኬችዋ፣ በሕፃንነቱ በምትጠራው ስም ጠራችው።

ጥቂት ቆይቶ የጨርቅ ምልክት ማድረጊያውን ጠመኔ አነሣና ሰጣት። «እዚህ ጻፊልኝ» አለ፤ የሶፋውን የጀርባ እንጨት አሳያት።

«በሰው ሶፋ? ምን ይሉሃል?»

«ጨርቁ ይሸፍነዋል። እኔ ግን አየሁት።»

ጻፈችለት። ሮሙሎ ፊደሎቹን እያየ እስክትጨርስ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ከዚያ ጥጡን ደልድሎ ጨርቁን ወጠረበትና በምስማር መታው። ሶፋው በዚያው ማታ በመኪና ተጭኖ ወደ አንድ የማያውቁት ሰው ሳሎን ሄደ።

ማረሻው ሥልጣን ያዘ። የፓልካፓታ መንገድ ግን አልመጣም። ኦርቴንሲያ እሑድ እሑድ የሮሙሎን ስልክ እየነጠቀች መደወል ለምዳ ነበር፤ «እርስዎ» የሚለውም ሳያስቡት ወደ «አንቺ» ተለውጧል።

«መንገዱ ደረሰ?» ትላታለች።

«አልደረሰም። መልሕቅሽ ቢሆን ይደርስ ነበር?»

«እሱማ ጨርሶ አይደርስም ነበር» ትልና ሁለቱም ይስቃሉ። አንዳንዴም አይስቁም፤ በአንድ ነገር ይጣሉና ኦርቴንሲያ ስልኩን ጥላ ትሄዳለች፤ በሳምንቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ትደውላለች።

በቀጣዩ ዓመት የድንች መኸር ላይ ሮሙሎና ሊዮኖር ወደ ፓልካፓታ መጡ። ኦርቴንሲያም «ያን የሌቦች መንደር ልየው» ብላ አብራቸው መጣች። ከአውቶቡሱ እንደወረደች ከፍታው ጣላት። ሁለት ቀን ሙሉ በኒካሲያ አልጋ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦላት፣ ሊፕስቲኳን ሳትቀባ፣ ተራራውን እየረገመች ተኛች። ኒካሲያ በየሰዓቱ ለከፍታ ሕመም የሚጠጣውን ትኩስ የኮካ ቅጠል ውኃ ታጠጣታለች፤ ግንባሯን ታሻታለች።

የመንደሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው መልሕቅ የመረጠችውን ሴት ሊያዩ መጡ። እያንዳንዷ አንድ ነገር ይዛ ነበር፤ እንቁላል፣ አይብ፣ የተቀቀለ ድንች። አልጋውን ከበው ቆሙ።

«አሁንስ ለማን ነው የምትመርጪው?» አለቻት አንዷ አሮጊት፣ ኒካሲያ እየተረጎመችላት።

«ያው ለኔው ሰው ነው» አለች ኦርቴንሲያ፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። አሮጊቷ የተላጠ ትኩስ ድንች በእጇ አኖረችላት።

«ይሁን፤ ምረጪ» አለቻት። «አሁን ግን ብዪ፤ በባዶ ሆድ ከተራራ ጋር አይታገሉም።»

ኦርቴንሲያ ዓይኗን ገለጠች። ድንቹን በሁለት እጇ ያዘችው፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኒካሲያ ከሥሩ ደገፈችላት፤ በላች።